የጨው ጉጉት

ሌሙር ላይ ባሕር የለም፤
ጥጥ አለ፣ የለውዝ ዛፍ፣ የላም በረት ሽታ፣
ክረምት ሲገባ ጉም፣ መንገድ የሚውጥ ካጥቢያ እስከ ማታ።
ባሕር ኃይል ግን አለ፤ ጄቶቹን ከጥጡ ማዶ አስሮ፣
በየሰዓቱ ይለቃቸዋል፣ ጣሪያችንን ነቅንቆ ጆሯችንን ሰርስሮ።

የሊጋያ ሱቅ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ነው።
እኔ ጥግ ይዤ ትርፍ ክር እቀነጥሳለሁ፣
ባለ አሥራ ሁለት መርፌው ሲንጣጣ የሬዲዮኑን ወሬ እረሳለሁ።
ሥራችን ዓርማ ነው፤ የፈረሰ ስኳድሮን፣ የተረሳ ዘመቻ፣
ከጃኬት ደረት የሚለጠፍ፣ መዳፍ የሚያህል ክብ ብቻ።
ጊንጥ እንጠልፋለን፣ መብረቅ፣ ጥርሱ የወጣ ከርከሮ፣
ከሥሩ የመርከብ ስም፣ ብረቱ ተሸጦ ያለቀ ድሮ።

ሰብሳቢዎች ይመጣሉ፣ አጉሊ መነጽር ባንገታቸው፣
ስፌት ቆጥረው፣ ጠርዝ አሽተው፣ ለአንድ ክር የሚጣሉ ናቸው።
ሁሉም የሚሻው ግን የጨው ጉጉትን ነው።
(አጥብቀህም አንብበው፣ አላልተህም፤
ወፏም ስሜቱም ሌሊት አይተኙም።)

ሰማያዊ ክብ። ነጭ ማዕበል። ማዕበሉ ላይ ጉብ ያለች ጉጉት።
አንድ ዓይኗ ቢጫ ነው፣ ክፍት፤
ሌላው ባዶ ጨርቅ፣ መርፌ ያልደረሰበት።

ስለዚያ ዓይን ያልተባለ የለም።
አንዱ፣ «ላልተመለሰ አብራሪ ነው የተከደነው» አለ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆሞ እንዳየ ሰው እየማለ።
ሌላው፣ «ጥቅሻ ነው እንጂ! ጠላት መናቂያ» ብሎ ሳቀ።
የፍሬስኖው ጥርስ ሐኪም ሥዕል ዘርግቶ ተራቀቀ፤
«በሌሊት መርከብ ላይ ሲያርፉ አንድ ዓይን ይጨፈናል» አለን፤
ላልተሰፋ ዓይን ሦስት መቶ ዶላር ሲከፍል አየን።

ጉም በበዛበት ማክሰኞ ሚስተር ሲልቬይራ መጣ፣
የወተት ከብት አርቢ ልጅ፣ የድሮ የጄት መካኒክ፤
ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ጉጉት አወጣ፣
የቅባት ነጠብጣብ ያለባት፣ ሰማያዊዋ አመድ የመሰለ።
«ለመገናኛችን አሥራ ሁለት ሥሩልኝ» አለ።
«ስንት ነበራችሁ?» አልኩት።
አልመለሰም።

ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፤ ሊጋያ ገለበጠችው።
ጀርባው ላይ ያለውን ቋጠሮ በጥፍሯ ዳሰሰችው፣
በግራ እጅ የታሰረ፣ ሁለቴ ዞሮ የጠለቀ።
«የእናቴ ነው» አለች።
መንገዱ ላይ የወተት መኪና ጮኾ ራቀ።

«ኦሎንጋፖ ነበርን፣ ወደቡ ዳር፤ እኔ መርፌ አቀባይ፣ ስድስት ዓመቴ።
ሁለት መቶ አርባ ጉጉት በአንድ ፋኖስ ትሰፋ ነበር እናቴ።
መርከቡ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ገበያው ተዘግቷል።
ቢጫው ክር ሊያልቅ ነው፤ ለግማሾቹ ይበቃል።
'ግማሾቹ ሁለት ዓይን ኖሯቸው ግማሾቹ ከሚታወሩ፣
ለሁሉም አንድ አንድ' አለች፤ 'በአንድም ዓይን ይበረራል፣ ይብረሩ።'»

ሽማግሌው ወንበር ሳበ።
«ሃልቮርሰንን ያጣነው ዓርማው በደረሰን በዘጠነኛው ቀን ነው።
ቀበቶውን ያሰርኩለት፣ ትከሻውን መታ አድርጌ የላክሁት፣ እኔ ነኝ።
ዓይኗ ግን ቀድሞ ነበር የተከደነው።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤
ሃምሳ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቼባት ፊት ለፊት ማየት ፈራሁ።
ሟርት አልነበረም ማለት ነው?»
«ክር ነው» አለች ሊጋያ። «ክር ብቻ።»
«ክር» አለ። ደግሞ አለ። መሀረቡን ፈለገ፤
አንዱን ኪስ ፈትሾ ሌላውን በረገደ፣ የያዘውን እጁ ላይ አጥቶ።

እኔ ነገሩ ገብቶኝ ይሁን ሳይገባኝ
ከመደርደሪያው ቢጫ ጥቅል አወረድኩ፤
«ሁለተኛውን ዓይን ልሙላው?» ብዬ ጠየቅኩ።
ጉሙን በመስኮት አየ፣ እጁን ከጉጉቷ ሳያነሳ።
«ተዋት» አለ። «እንደዚሁ ነው የምታውቀን።»

አሁን ቢጫ ክር ሞልቷል።
ማሽኑ ግን ከዚያ ዓይን ሲደርስ
መርፌውን ከፍ አድርጎ ያልፋል።

ለጥርስ ሐኪሙ ገና አልነገርነውም።